መቃብሩ ያልታወቀ ወታደርና በድንጋይ ላይ የተጻፈ ስሙ፦ ከሎስ እስከ ናይሮቢ

መግቢያ

በጦር ሜዳ ወድቆ መቃብሩ ያልታወቀ ወታደር ለቤተሰቡም ለመንግሥቱም የተለየ ችግር ትቶ ያልፋል። ቤተሰቡ ለቅሶ የሚቀመጥበት ቤት ቢኖረውም ሄዶ የሚያለቅስበት አፈር የለውም፤ መንግሥትም የሞቱን ወሬ እንጂ አስከሬኑን ማስረከብ አይችልም። ችግሩ የጦርነትን ያህል ጥንታዊ ነው። ለእያንዳንዱ ተራ ወታደር በየስሙ ምላሽ ለመስጠት ከተደረጉት ሙከራዎች ሁሉ ሰፊ ከሆኑት አንዱ ግን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜና ማግስት በብሪታንያ ኢምፓየር የጦር መቃብር ኮሚሽን የተደረገው ነው። ኮሚሽኑ በሥሩ ከያዛቸው አንድ ሚሊዮን ከሚበልጡ የዚያ ጦርነት ሟቾች ወደ ግማሽ የሚጠጉት የታወቀ መቃብር የላቸውም።

ይህ ጽሑፍ ኮሚሽኑ ለእነዚህ ሰዎች የዘረጋውን አሠራር በሁለት ቦታዎች ይመረምራል፤ በፈረንሳይ በሎስ ግንባርና በምሥራቅ አፍሪካ። የጽሑፉ ክርክር የሚከተለው ነው። በድንጋይ ላይ የተቀረጸ ስም የጠፋውን መቃብር ሊተካ ይችላል፤ ነገር ግን ስሙ ራሱ የሚቆመው በመዝገብ ላይ ነው። ስለዚህ «መቃብሩ አልታወቀም» የሚለው ቃል የጦር ሜዳውን ሁኔታ ብቻ ሳይሆን መዝገቡን የያዘውን ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ጭምር ይናገራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

አስከሬን ስሙን የሚያጣበት መንገድ

በምዕራቡ ግንባር የጠፉት ወታደሮች ሁሉ ሳይቀበሩ የቀሩ አልነበሩም። ከእነርሱ ብዙዎቹ በባልንጀሮቻቸው እጅ ተቀብረው፣ በራስጌያቸውም የእንጨት መስቀል ተተክሎላቸው ነበር። ያው መሬት ከወራት በኋላ እንደገና የጦር ሜዳ ሲሆንና በመድፍ ሲታረስ መስቀሉም መቃብሩም አብረው ጠፉ።

ሌላው ምክንያት ከዚህ ይልቅ ጥቃቅን ነው፤ ለተመራማሪ ግን የበለጠ ያስተምራል። እስከ 1916 ድረስ የብሪታንያ ወታደር በአንገቱ የሚያንጠለጥለው አንድ መታወቂያ ብቻ ነበር። ወታደሩ ሲሞት መታወቂያው ለሞቱ ማስረጃ እንዲሆን ተፈትቶ ወደ ኋላ ይላካል። በዚህም ጽሕፈት ቤቱ ስሙን ሲያገኝ አስከሬኑ ስሙን ያጣል። በ1916 መታወቂያው ሁለት እንዲሆን ታዘዘ፤ አንዱ ለመዝገቡ ሊወሰድ፣ ሌላው ከሟቹ ጋር ሊቀር። ይሁንና መታወቂያዎቹ ከተጨመቀ ቃጫ የተሠሩ ስለ ነበሩ በእርጥብ አፈር ውስጥ ብዙ አልቆዩም።

ከጦርነቱ በኋላ የጦር ሜዳውን በክፍል በክፍል እየለዩ አስከሬን የሚፈልጉ ጓዶች ተሰማሩ። ስም ባልተገኘ ጊዜ መለያው ሌላ ነበር፦ በማንኪያ ወይም በጫማ ላይ የተመታ የወታደር ቁጥር፣ የክፍለ ጦር ዓርማ፣ በትከሻ ላይ የቀረ የማዕረግ ምልክት። ብዙ ጊዜም ዓርማው ክፍለ ጦሩን፣ ምልክቱ ማዕረጉን ይናገርና ስሙ ብቻ ይቀራል። እንዲህ ያለው ሰው የታወቀው ያህል በድንጋዩ ላይ ተጽፎለት፣ ማንነቱን እግዚአብሔር ያውቃል የሚል ቃል ከሥሩ ተቀረጸለት።

ከመቃብር ወደ ስም

የአሠራሩ መሥራች ፋቢያን ዌር ይባላል። በ1914 ወደ ፈረንሳይ የሄደው በቀይ መስቀል የአምቡላንስ ቡድን መሪነት ሲሆን፣ መቃብሮች ያለ መዝገብ መቅረታቸውን አይቶ መመዝገብ ጀመረ። ሥራው በጦሩ ዘንድ ተቀባይነት አግኝቶ ሜይ 21 ቀን 1917 በንጉሣዊ ቻርተር ኮሚሽኑ ተቋቋመ። ከዚያ አስቀድሞ በ1915 አስከሬን ወደ አገር ቤት እንዳይመለስ ተከልክሎ ነበር። አቅም ያለው የልጁን አስከሬን ሲያስመጣ አቅም የሌለው ዓይኑ እያየ እንዳይቀር የታሰበ ክልከላ ነበር። በ1918 የብሪቲሽ ሙዚየም ዳይሬክተር ፍሬድሪክ ኬንየን ያቀረበው ዘገባ ይህንኑ ሐሳብ ወደ መመሪያ ለወጠው፤ ባለ ማዕረጉም ተራው ወታደርም አንድ ዓይነት ድንጋይ ይቆምላቸዋል፤ ሀብት፣ ማዕረግና ዘር ልዩነት አያመጡም።

መቃብር ለሌለው ሰው እኩልነት ማለት ምን እንደ ሆነ መወሰን ግን ቀላል አልሆነም። የተገኘው መፍትሔ ስሙን በወደቀበት አውራጃ በትልቅ ሐውልት ላይ መቅረጽ ነበር። በቤልጅግ ኢፕር ከተማ በ1927 የተመረቀው የሜኒን በር ከ54,000 በላይ ስሞችን ይዟል። ቦታው ስላልበቃም ከ1917 ኦገስት አጋማሽ በኋላ የሞቱት ብሪታንያውያን ወደ ታይን ኮት ሐውልት ተዛወሩ፤ እነርሱም ወደ 35,000 ይጠጋሉ። በ1932 በሶም የተመረቀውና ኤድዊን ሉትየንስ የነደፈው የቲየፕቫል ሐውልት ከ72,000 በላይ ስሞች አሉት። በሐውልቶቹ ላይ ስሞች የሚሰለፉት በክፍለ ጦር፣ ቀጥሎ በማዕረግ፣ ከዚያም በፊደል ቅደም ተከተል ነው። በመቃብር ድንጋይ ላይ የተነፈገው የማዕረግ ብልጫ በስም ዝርዝሩ ላይ ጥቂት ቦታ አግኝቷል ማለት ይቻላል። ሌላም ልዩነት አለ። የታወቀ መቃብር ያለው ሰው ቤተሰብ በድንጋዩ ግርጌ አጭር የራሱን ቃል ማስቀረጽ ይችል ነበር፤ የጠፋው ሰው ቤተሰብ ግን ከስሙ በቀር የሚያክለው አልነበረም።

ስም ለመቃብር ምትክ ይሆናል የሚለው አስተሳሰብ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። «ቀባሪ አያሳጣህ» ብሎ የሚመርቅ ማኅበረሰብ አለመቀበር ምን ያህል ጉድለት እንደ ሆነ ያውቃል። ሆኖም ልጁ በሩቅ አገር የሞተበት ሰው መርዶው ከደረሰው ሬሳው ባይኖርም ለቅሶ ይቀመጣል፤ ፎቶግራፉና ልብሱ በአልቃሾች እጅ ይያዛል፤ በቤተ ክርስቲያንም ጸሎቱ የሚደርሰው በክርስትና ስሙ ነው። ለተዝካሩ የግድ የሚያስፈልገው ስሙ ነው፤ መቃብሩ የት እንደ ሆነ ካህኑ አይጠይቅም።

የዚህ አስተሳሰብ ምንጭ በኮሚሽኑም ዘንድ ከቅዱስ መጽሐፍ የራቀ አልነበረም። በትልልቅ የመቃብር ሥፍራዎች በሚቆመው የመታሰቢያ ድንጋይ ላይ የተቀረጸው፣ የሟቾቹ ስም ለዘለዓለም ሕያው መሆኑን የሚናገረው ቃል የተወሰደው ከመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 44 ነው። ቃሉ የአንድ ዐረፍተ ነገር ሁለተኛ ግማሽ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ሥጋቸው በሰላም ስለ መቀበሩ ይናገራል፤ በድንጋዩ ላይ ግን አልተጻፈም። መቃብር ለሌላቸው እውነት ሊሆን የሚችለው ሁለተኛው ግማሽ ብቻ ነው። በዚያው ምዕራፍ ጥቂት ከፍ ብሎ መታሰቢያ ሳይቀርላቸው፣ እንዳልተፈጠሩ ሆነው ስላለፉ ሰዎችም ተጽፏል። ያኛው ቃል በየትኛውም የኮሚሽኑ ድንጋይ ላይ ቦታ ባያገኝም ወደ ኋላ እንደሚታየው የሥራውን ሌላ ገጽ የሚገልጸው እርሱ ነው።

ቃሉን የመረጠ አባት

ከሲራክ የተወሰደውን ቃል የመረጠው፣ ማንነታቸው ላልታወቁትም የሚቀረጸውን ቃል የሰጠው በ1917 የኮሚሽኑ አባል የሆነው ደራሲው ሩድያርድ ኪፕሊንግ ነው። እርሱም የጠፋ ወታደር አባት ነበር። አንድ ልጁ ጆን ዓይኑ ደካማ በመሆኑ ጦሩ አልቀበልም ብሎት ሳለ፣ አባቱ በወዳጅነት ከፍተኛ ባለ ሥልጣን ለምኖ በአይሪሽ ጋርድስ ክፍለ ጦር የመኮንንነት ማዕረግ አስገኘለት። ጆን አሥራ ስምንተኛ ዓመቱን በያዘ በስድስተኛው ሳምንት፣ ሴፕቴምበር 27 ቀን 1915 በሎስ ውጊያ ጠፋ። ወላጆቹ ከክፍለ ጦሩ የተረፉትን ቁስለኞች እየፈለጉ ጠየቁ፤ የተገኘው ምስክርነት ግን ወደ መቃብር የሚያደርስ አልነበረም። ኪፕሊንግ የልጁን ክፍለ ጦር ታሪክ ጽፎ በ1923 አሳተመ። በ1930 ከ20,000 በላይ ስሞችን የያዘው የሎስ ሐውልት ሲመረቅ የጆን ስም ከእነርሱ መካከል ነበር። አባቱ በ1936 ሲሞት ከዚህ ስም በቀር የልጁ ምልክት አልነበረውም።

የኋለኛው ታሪክ የመዝገብን ኃይል በግልጽ ያሳያል። በ1919 በሎስ አካባቢ የአንድ ያልታወቀ የአይሪሽ ጋርድስ መቶ አለቃ አስከሬን ተገኝቶ በሴንት ሜሪ መቃብር ተቀብሮ ነበር። በ1992 ኮሚሽኑ ይህ ሰው ጆን ኪፕሊንግ ነው ብሎ ድንጋዩን በስሙ ለወጠ። ውሳኔው በሁለት ነገር ተነቀፈ፤ አንደኛ ጆን በሞተበት ቀን የነበረው ማዕረግ ምክትል መቶ አለቃ ነው ተባለ፤ ሁለተኛ አስከሬኑ ተገኘበት ተብሎ በመዝገቡ የሰፈረው ቦታ ክፍለ ጦሩ ከተዋጋበት ሥፍራ ይርቃል። ክርክሩ ከሃያ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ሰነዶቹን እንደገና መረመሩ። የማዕረግ ዕድገቱ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ከሞቱ በፊት እንዲጸና በመንግሥት ጋዜጣ መታወጁን፣ የቦታው ርቀትም በካርታ ማመሳከሪያው ላይ አንድ ፊደል ተሳስቶ በመጻፉ የመጣ መሆኑን አሳዩ። የ1992 ውሳኔም ጸንቶ ቀረ።

እዚህ ላይ ልብ የሚባለው፣ አስከሬኑን ከስሙ የለየው የመድፍ ኃይል ብቻ አለመሆኑ ነው። አንዲት ፊደል ሥራዋን ሠርታለች። መልሶ ያገናኛቸውም ሰነድ ነው፤ ሰነዱም ሊኖር የቻለው ሟቹ መኮንን፣ ማዕረጉ በጋዜጣ የሚታወጅ፣ አባቱ ደብዳቤ የሚጽፍና ደብዳቤ የሚቀበል ሰው ስለ ነበረ ነው። ኮሚሽኑ የስም ዝርዝሩን ያጣራ የነበረው በፖስታ ለሟቹ ቤተሰብ ቅጽ በመላክ ነው። ስሙ በትክክል ተጽፏልን? ዕድሜው፣ የወላጆቹ ስምስ? አድራሻ የሌለው ወይም ማንበብ የማይችል ቤተሰብ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሊሰጥ አይችልም፤ ጭራሽ ያልተጠየቀ ቤተሰብም ነበር።

ስምም አስከሬንም የሌለበት ሐውልት

ኪፕሊንግ የጻፈው ሌላ የመታሰቢያ ቃል በምሥራቅ አፍሪካ ይገኛል። በ1920ዎቹ መገባደጃ በናይሮቢ፣ በሞምባሳና በዳሬሰላም የነሐስ ሐውልቶች ቆሙ። ሐውልቶቹ ከጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ ጦር ጋር በተደረገው ዘመቻ ለብሪታንያ የተሰለፉትን አስካሪዎችና ጓዝ ተሸካሚዎች እንዲያስታውሱ ነው። በእንግሊዝኛ፣ በዐረብኛና በስዋሂሊ የተጻፈው ቃል ስለ አገራቸው የተዋጉ ቢሞቱም እንኳ ልጆቻቸው ስማቸውን እንደሚያስታውሱ ይናገራል። በሐውልቶቹ ላይ ግን አንድም የሟች ስም የለም። የጠፋ ልጁን ስም በድንጋይ ለማየት አሥራ አምስት ዓመት የጠበቀ አባት፣ ስም ለተነፈጋቸው ሰዎች ስለ ስም ጻፈላቸው። ይህን ተቃርኖ ራሱ አስተውሎት እንደ ሆነ ከቃሉ ላይ ማንበብ አይቻልም።

የምሥራቅ አፍሪካው ዘመቻ የተካሄደው መንገድ በሌለበት፣ የጋማ ከብት በቆላ ዝንብ በሚያልቅበት አገር ነው። ስለዚህ ጥይቱም ስንቁም የተጓጓዘው በሰው ራስና ትከሻ ነበር። ከተሸካሚዎቹ አብዛኞቹ የሞቱት በጥይት ሳይሆን በተቅማጥ፣ በወባ፣ በምግብ ጉድለትና በድካም ነው። ብዙዎቹ ባልታወቀ መንገድ ዳር ወድቀው ቀርተዋል፤ ሁሉም ግን እንዲህ አልነበሩም። በሆስፒታሎችና በሰፈሮች አጠገብ ሰፋፊ የተሸካሚ መቃብሮች ነበሩ። ሰዎቹም ለደመወዝ ሲባል በቁጥር የተመዘገቡ ነበሩ። ስለዚህ በእነዚህ ሥፍራዎች መቃብሩ የጠፋው በጦርነቱ ሳይሆን ከጦርነቱ በኋላ በተሰጠ ውሳኔ ነው።

ውሳኔው በጽሑፍ ይገኛል። የኮሚሽኑ ሹማምንት ከቅኝ ግዛት አስተዳዳሪዎች ጋር በተጻጻፉት ደብዳቤ ኤውሮጳዊው በራሱ ድንጋይ፣ አፍሪካዊው በጋራ ሐውልት እንዲታሰብ ተስማሙ። የታንጋኒካው ገዥ የተሸካሚዎቹ መቃብሮች በቶሎ ወደ ዱር ቢመለሱ እንደሚመርጥና ያለቁትን ሰዎች ቁጥር ማሰብ እንደማይፈልግ በአንዱ ደብዳቤ ተመልክቷል። በምዕራብ አፍሪካ የጎልድ ኮስት ገዥ ደግሞ የአገሬው ሰው የመቃብር ድንጋይን ትርጉም አይረዳም ብሎ ተከራከረ። በመቃብር ዙሪያ ያለውን የአገሬውን ሥርዓት ጠይቆ የተሰጠ መልስ ስለ መሆኑ ምንም ምልክት የለም።

ክርክሩ እንደማያዋጣ ከራሱ ከኮሚሽኑ ሥራ መረዳት ይቻላል። በፈረንሳይ ኑቭ ሻፔል በቆመው ሐውልት ላይ ከ4,700 በላይ የሕንድ ወታደሮችና ሠራተኞች ስም በየስሙ ተቀርጿል። ከ40,000 በላይ የጠፉ ሰዎችን በሚያስበው የባስራ ሐውልት ላይ ግን የሕንድ ተራ ወታደሮች ስም አልተቀረጸም፤ የተጻፈው ቁጥራቸው ብቻ ነው። ሰዎቹ የአንድ ጦር ሰዎች ናቸው። የተለወጠው የሐውልቱ ቦታ ነው፤ አንዱ የኤውሮጳ ጎብኚ የሚያልፍበት፣ ሌላው የማያልፍበት።

ኖቬምበር 11 ቀን 1920 በለንደን ዌስትሚንስተር አቢይ አንድ ስሙ ያልታወቀ ወታደር ተቀበረ፤ በዚያው ቀን በፓሪስ የሌላው አስከሬን ወደ ድል ቅስቱ ተወሰደ። በእነዚያ መቃብሮች ያለው ስም የሌለው አስከሬን ነው። በቲየፕቫል ያለው አስከሬን የሌለው ስም ነው። ሁለቱ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል፤ እናት ከሁለቱ በአንዱ ልጅዋን ልታስብ ትችላለች። በናይሮቢው ሐውልት ሁለቱም የሉም፤ ያለው የዓይነቱ ምስል ነው፦ አስካሪና ተሸካሚ።

የማይታሰብ መታሰቢያ ግን በሌላ መንገድ ቀርቷል። በዳሬሰላም ካሪያኩ፣ በናይሮቢ ካሪዮኮር የሚባሉት የገበያ ሰፈሮች ስማቸውን ያገኙት ከተሸካሚዎቹ ጦር የእንግሊዝኛ መጠሪያ ነው። ሽንኩርትና ጨርቅ የሚገዛ ሰው በየቀኑ ይጠራቸዋል። የሰፈር ስም እንደ መሆኑ የማንም ግለሰብ ስም አይደለም።

ከ2021 ወዲህ

በ1960 ስሙን ወደ ኮመንዌልዝ የለወጠው ይኸው ኮሚሽን ራሱ ያቋቋመው ልዩ ኮሚቴ በኤፕሪል 2021 ዘገባውን አወጣ። በዘገባው መሠረት ከ45,000 እስከ 54,000 የሚደርሱ፣ በአብዛኛው ሕንዳውያን፣ ምሥራቅና ምዕራብ አፍሪካውያን፣ ግብጻውያንና ሶማሌዎች ከሌሎቹ እኩል ባልሆነ መንገድ ታስበዋል። ቢያንስ 116,000፣ ምናልባትም እስከ 350,000 የሚደርሱ ሌሎች በስማቸው አልታሰቡም፤ ወይም ጨርሶ አልታሰቡም። ኮሚሽኑና የብሪታንያ መንግሥት ይቅርታ ጠየቁ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ሰፊ ክፍተት ራሱ ማስረጃ ነው፤ መዝገብ በሌለበት ሞት በግምት ይቆጠራል።

ከዘገባው በኋላ የተሠራው ሥራ ከድንጋይ ይልቅ በወረቀት ይጀምራል። በጃንዋሪ 2025 በኬፕ ታውን የተመረቀው መታሰቢያ በአፍሪካ በጉልበት ሠራተኛነት አገልግለው የሞቱ፣ እስከዚያ ድረስ መታሰቢያ ያልነበራቸውን ከ1,700 በላይ ጥቁር ደቡብ አፍሪካውያን ያስባል። ለእያንዳንዱ ሰው ከአፍሪካ ጠንካራ እንጨት የተሠራ አንድ ቋሚ ቆሞለታል፤ በላዩም ስሙና የሞተበት ቀን ተጽፏል። ይህ ሊሆን የቻለው ስሞቹ በሰነድ ስለ ተገኙ ነው።

ለምሥራቅ አፍሪካ ተሸካሚዎች ተመሳሳይ ሥራ ለመሥራት የሚያስበው ተመራማሪ የሚገጥመው ችግር ከሎሱ የከፋ ነው። የደመወዝ፣ የግብርና የሚሲዮን መዛግብት ለዚህ ሥራ የተለያየ ጥቅም አላቸው። የደመወዙ መዝገብ ሰውየው መቅጠሩን እንጂ የት እንደ ሞተ ላይናገር ይችላል፤ የግብሩ መዝገብ ከአንድ ዓመት ወደ ሌላው የጠፋውን ስም ያሳያል፤ ጠፊው ሞቶ ይሁን ተሰድዶ ግን አይገልጽም። የሚሲዮኑ መዝገብ የተጠመቀውን ብቻ ይይዛል። ስሞቹም ቋንቋውን በማይናገር ጸሓፊ ጆሮ የተጻፉ በመሆናቸው አንድ ሰው በሦስት አጻጻፍ ሦስት ሰው ሊመስል፣ ሦስት ሰዎችም በአንድ ስም አንድ ሰው ሊመስሉ ይችላሉ። ለጆን ኪፕሊንግ አንዲት የካርታ ፊደል ለማረም ከሃያ ዓመት በላይ የፈጀ ክርክር አስፈልጓል፤ ያውም ማዕረጉ በጋዜጣ ታውጆ፣ ክፍለ ጦሩ በመጽሐፍ ተጽፎ ሳለ። ለተሸካሚዎቹ ገና የሚጀመረው እያንዳንዱን መዝገብ ከሌላው ጋር በማስተያየት፣ የትኛው ቁጥር የየትኛው ስም እንደ ሆነ በመለየት ነው።